የልኬ አራት ካንዴላ

ልኬ የሚሏት ሰውን በዓይኗ ስለምትለካ ነው። ደንበኛ ከበሩ ገብቶ ወንበር እስኪይዝ ድረስ የትከሻውን ስፋት፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ስንት ጣት እንደደበቀ ሳይቀር ታውቃለች። ሜትሩን ከአንገቷ የምታወርደው ለሰውየው ክብር ስትል ነው እንጂ ለራሷስ አትፈልገውም። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነበር። ሰፈሩም ወዲያው ተቀበለው። አሁን ትክክለኛ ስሟን የሚጠይቃት ቅጽ የሚያስሞላ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ባሏ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ትቶላት የሄደው ሁለት ኮት፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥንና ዕድሜዋ ከአንዳንድ ተማሪዎቹ ዕድሜ የሚበልጥ ሰማያዊ መኪና ነው። ኮቶቹን ለወንድሙ አጥብባ ሰጠችው። የመሣሪያ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ገፋችው። መኪናዋን ግን ትነዳለች። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ያኔ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር። ፔዳሎቹን ለመልመድ አንድ ቀን አልፈጀባትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የስፌት መኪና ስትረግጥ የኖረች ሴት ናትና እግሯ ቀስ ማለትን ያውቃል።

በየሰኞው ከእህቷ ጋር የሰፋችውን የሆስፒታል ጋወን ከኋላ ወንበር ቆልላ ወደ አቀበቱ ትወጣለች። ሆስፒታሉ ከኮረብታው አናት ላይ ነው። ታዲያ ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ መኪናዋ አቀበት ሲሏት መለገም ጀመረች። ትንቀጠቀጣለች፣ ታስነጥሳለች፣ ጉልበቷ ይከዳታል። ባለፈው ሰኞ ይባስ ብላ መሐል አቀበት ላይ ቀጥ አለች። ከኋላዋ ስድስት መኪና ተሰልፎ ጡሩምባውን አቀለጠው። ሁለት መንገደኞች ገፍተው ጥግ አስያዙላት፤ ጋወኖቹንም በእጃቸው ተሸክመው አደረሱላት።

ወሬው በማግሥቱ ለባሏ ታናሽ ወንድም ደረሰው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ጭንቀት ይወዳል። ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ የሚዘረጋ ዓይነት ነው። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ልኬ ቤት መጣና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ይብቃን። ነገ እዚያ አቀበት ላይ ወደ ኋላ ብትንሸራተትብሽስ?»

«ፍሬኗ ጤነኛ ነው።»

«ልቧስ? ገዢ አግኝቻለሁ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ታማኝ ሰው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይዤው ልምጣ።»

«እስከዚያ ከዳነችስ?»

«ማን ያድናታል? መካኒኩ እንደሆነ እስከ ሳምንት ወረፋ ሞልቶበታል አሉ።»

«እሱስ እውነት ነው። ግን ‹ካንዴላው አርጅቶ ይሆናል፣ መጀመሪያ እሱን ቀይሩት› ብሎኛል። እኔው እቀይረዋለሁ።»

ዋርሳዋ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «እትዬ፣ ካንዴላ እኮ አዝራር አይደለም።»

«ወንድምህ ሲቀይር ሃያ ዓመት ሙሉ የእጅ ባትሪ የያዘለት ማን ነው? አንተ ነህ?»

ልኬ የያዘችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ነገሩን ቆረጠችው። «እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ አንተም ገዢህም ትሳፈራላችሁ። ሳትቆም ኮረብታው አናት ከደረሰች ሁለተኛ መሸጥ የሚባል ነገር አታነሣብኝም። ከቆመች ግን እዚያው ወርጄ እፈርማለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ፣ ልኬ የባሏን የሥራ ቱታ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ ለበሰችና ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፈተች። ሞተሩ ላይ አራት ጥቁር ገመዶች ከአንድ ጥቁር ክዳን ይነሡና እያንዳንዳቸው ነዳጁን በብልጭታ ወደሚያቀጣጥል ወደየራሳቸው ካንዴላ ይወርዳሉ። ባሏ ሁልጊዜ አንዱን ገመድ ነቅሎ፣ ካንዴላውን ቀይሮ፣ ገመዱን ከመለሰ በኋላ ነበር ወደሚቀጥለው የሚሄደው። ሃያ ዓመት ስትይዝለት ይህን አይታለች። ልኬ ግን የጅምላ ሰው ናት። አሥር ጋወን ስትሰፋ መጀመሪያ ሃያውን እጅጌ ቆርጣ ትደረድራለች፣ ከዚያ ሃያውን ትገጣጥማለች፤ አንድ በአንድ ጀምሮ መጨረስ የሰነፍ ሥራ ይመስላታል። ስለዚህ አራቱንም ገመዶች ከካንዴላዎቹ ላይ በአንድ ጊዜ ነቀለች። እንዳይምታቱባት ደግሞ በየጫፋቸው ክር አሰረችላቸው፤ ለአንደኛው ቀይ፣ ለሁለተኛው ነጭ፣ ለሦስተኛው ቢጫ፣ ለአራተኛው አረንጓዴ። በዚህ ዘዴዋ በጣም ተደሰተች። የሂሳብ አስተማሪ እንኳ ይህን አላሰበም።

በብስክሌት መንፊያ የካንዴላዎቹን ዙሪያ አቧራ ነፋች። ከዚያ ረጅሙን የካንዴላ መፍቻ አስገብታ ጠመዘዘች። ሁለቱ ሳያስቸግሩ ወጡ። ሦስተኛው አልፈታ ብሎ ብዙ አደከማት፤ በመጨረሻ እግሯን መከላከያው ላይ አስደግፋ በሙሉ ሰውነቷ ስትስበው ጥርሱን እያፋጨ ተለቀቀ። አራተኛውም ተከተለ። ጫፋቸው ጥላሸት ጠጥቶ ከሰል መስሏል። አራቱን በጋዜጣ ላይ ደርድራ ካየቻቸው በኋላ አዲሶቹን ልታመጣ፣ በዚያውም ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቤት ገባች።

ታናሽ እህቷ የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

እህቷ ከልኬ ጋር መሥራት ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የስፌት መኪና ላይ አትቀመጥም፤ የእሷ ሥራ ማጠናቀቅ ነው። አዝራር ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትርፍ ክር ትቆርጣለች። ትንሿ መቀሷ ከአንገቷ ወርዳ አታውቅም። ክር ተንጠልጥሎ ካየች ዝም ብላ አታልፍም፤ የማንም ይሁን የማን። አንዴ ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ከፊቷ የቆመውን ሰውዬ የኮት ክር ብትቆርጥለት፣ ኪሴ ገባች ብሎ ጥበቃ ጠርቶባታል።

ልኬ አዲሶቹን ካንዴላዎች በእጇ ይዛ ስትወጣ እህቷ መቀሷን በቀሚሷ ትጠርጋለች።

«እትዬ፣ እንዴት አደርሽ? እነዚህ ገመዶች ላይ ትርፍ ክር ነበር፤ አነሣሁልሽ።»

ልኬ ከደረጃው አልወረደችም። «የቱን ክር?»

«ቀይም ነበር፣ ቢጫም ነበር። ማን እንዳሰረው እንጃ። ቋጠሮው ራሱ የጀማሪ ነው።»

«ቋጠሮው የኔ ነው።»

እህቷ መጀመሪያ ገመዶቹን፣ ከዚያ ልኬን፣ ከዚያ መሬት ላይ የወደቁትን አራት የክር ቁርጥራጮች አየች። ነገሩ ቀስ እያለ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። «ምልክት ነበር እንዴ?»

«ነበር።»

«ታዲያ ሰው ምልክት ሲያደርግ በክር ያደርጋል? የኔን ዓመል እያወቅሽ?»

ልኬ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ ቀደማት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እህቷ ግን ልቧ ስለደነገጠ አልሳቀችም።

«አሁን ምን ይሻላል? በስምንት ሰዓት ሰዎቹ ይመጣሉ።»

«መጀመሪያ ካንዴላውን እናስገባ። የገመዱን ነገር ከዚያ እናስባለን።»

ካንዴላ ሲገባ የመጀመሪያው ዙር በመፍቻ አይነካም፤ ከተጣመመ ጥርሱ ይበላል፣ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ባሏ ለዚህ የምታገለግል አንድ ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ ነበረችው። ልኬ ካንዴላውን ቱቦዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ወደ ጉድጓዱ አወረደችና በሁለት ጣቷ አሽከረከረችው። በዚህ እጇ አላሳፈራትም። ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገባ የኖረች እጅ፣ የሚገባና የማይገባ ነገር ገና ሲነካካ ይታወቃታል። አራቱም በጣቷ ብቻ እስከ መጨረሻው ገቡ። ከዚያ በመፍቻው ትንሽ አጠበቀቻቸው። እህቷ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» ብትላትም አልጨመረችም።

ቀጥሎ ገመዶቹ መጡ። እህቷ አንዱን አንሥታ አገላበጠችው። «ሁሉም ጥቁር ናቸው። የትስ ቢገባ ምን ለውጥ ያመጣል?»

«እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ብትሰፊው ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ይሄ ግን እጅጌ አይደለም።»

ልኬ ወደ ሞተሩ ጠጋ አለች። ዓይኗ ገመዶቹ ላይ ቀርቷል። ደንበኛ በበሩ ሲገባ እንደምታየው አየቻቸው። ርዝመታቸው እኩል አይደለም። ደግሞም እንደ ተለበሰ ልብስ ናቸው፤ ለብዙ ዓመት በአንድ ቦታ ታጥፈው ስለኖሩ እጥፋቱ አልለቀቃቸውም። ሰው ያወለቀው ሸሚዝ ወንበር ላይ ተቀምጦም ክርኑን እንደሚያሳይ ዓይነት።

«እጅጌ ነው» አለች።

ረጅሙን ለሩቁ ካንዴላ ለካችው፤ እጥፋቱ ልክ መጣና ጠቅ ብሎ ተቀመጠ። አጭሩን ለቅርቡ ሰጠችው፤ እሱም እሺ አለ። ያስቸገሯት ሁለቱ መሐለኞች ናቸው። መንታ ይመስላሉ። ለካች፣ ቀያየረች፣ መልሳ ለካች። በመጨረሻ ለዓይኗ ደስ ያላትን መርጣ ሰካችና መሪው ፊት ተቀምጣ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓራ፣ ተንገዳገደና ከኋላ ጓ የሚል ድምፅ ለቀቀ። የጎረቤት ድመት ከመኪናዋ ሥር ወጥታ አጥር ላይ ተሰቀለች። እህቷ የት እንደገባች ለጊዜው አልታወቀም፤ ኋላ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ድምፅዋ ተሰማ።

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንሽጣት በቃ።»

ሰባት ሰዓት አልፏል። ልኬ ወረደችና እንደገና ሞተሩ ላይ አጎነበሰች። ሁለቱን መሐለኛ ገመዶች ነቅላ ወደ ፀሐይ አዞረቻቸው፤ ጨርቅ ስትገዛ ጉድለቱን እንደምትፈልግ ዳር እስከ ዳር በጣቷ ሄደችባቸው። አንደኛው ላይ ጣቷ ቆመ። አንዲት ጥፍር የምታህል ቦታ ተፍቃ ታበራለች፣ ልክ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚሠራ ጸሐፊ የኮቱ ክርን እንደሚያብለጨልጭ። ይህ ገመድ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተደግፎ ኖሯል። ምን ላይ? ሞተሩን ፈለገች። ከሁለተኛው ካንዴላ አጠገብ አንድ ቀጭን የብረት ቧንቧ አለ፤ እሱም በዚያው ልክ አንድ ቦታ ላይ ጠርቶ ያበራል።

«ክርኑን አገኘሁት» አለች። ገመዱን ሰክታ ብታየው፣ የተፋቀው ቦታ ቧንቧው ላይ ልክ ተኛ። መንታውን በቀረው ቦታ ሰካችው።

በዚህኛው ጊዜ ሞተሩ በአንድ ዙር ተነሣ። አላስነጠሰም፣ አልተንገዳገደም። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ፣ ዘይት እንደተቀባ የስፌት መኪና ይሄዳል። እህቷ ከበርሜሉ ጀርባ ወጥታ የፊት መስታወቱን በቀሚሷ መወልወል ጀመረች፤ መስታወቱ ግን አልቆሸሸም ነበር። ልኬ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ይህን ጊዜ ኮፈኑን የሚዘጋው እሱ ነበር። ሥራውን ሁሉ ራሱ ሠርቶ ሲያበቃ «ጨርሰናል» ይላት ነበር። ወርዳ ዘጋችው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዋርሳዋ ከነገዢው ደረሰ። ዳቦ ጋጋሪው ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ጆሮው ላይ የጠዋቱ ዱቄት አለ። ልኬ ሰላም እያለችው ለካችው፤ ኮቱ ሁለት ቁጥር ይጠብበዋል፣ ግራ ትከሻውም ከቀኙ ይወርዳል፣ ከጆንያ ብዛት ይሆናል። ከፊት አስቀመጠችው። ዋርሳዋና እህቷ ከኋላ ገቡ።

አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ዋርሳዋ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ልኬ ማርሽ ቀነሰችና ነዳጁን ቀስ ብላ ሰጠቻት። መኪናዋ ወጣች። ባለፈው የቆመችበትን የፋርማሲ ደጃፍ አለፈች። ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና እያዘገመ ቢዘጋቸው ዋርሳዋ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልኬ ግን ትንሽ ጠብቃ መንገዱ ሲከፈትላት አለፈችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሳ ስትቆም ሞተሩ አሁንም ያንኑ ዝቅ ያለ ድምፅ ያሰማል።

ዳቦ ጋጋሪው ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ አዳመጠ። «ታማለች ብለውኝ አልነበረም?» አለና ወደ ኋላ ዞረ። «ይቺማ ከኔ ትሻላለች። ባልነው ላይ ልጨምርና ዛሬውኑ ልውሰዳት።»

ልኬ በመስታወቱ ዋርሳዋን አየች። ቃሉ እሱንም ያስረዋልና መልሱን ለእሱ ተወችው።

ዋርሳዋ የበሩን እጀታ ለቀቀ። «አትሸጥም» አለ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ በከንቱ አደከምኩህ። ባለቤቷ ትፈልጋታለች።»

«ምን ድካም አለው፤ ሽርሽር ወጣሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ከዚያ ወደ ልኬ ዘወር ብሎ በትሕትና ጠየቀ፤ «ካንዴላውን ማን ቀየረልዎ? የኔ ማድረሻ መኪናም ጠዋት ጠዋት ታስነጥሳለች።»

«እኔና እሷ» አለች ልኬ በአገጯ ወደ ኋላ እያመለከተች። እህቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች።

ዳቦ ጋጋሪውን ደጃፉ አደረሱት። እህቷም ሱቅ እሄዳለሁ ብላ እዚያው ወረደች። ዋርሳዋ ወደ ፊት ወንበር ተሻገረ።

«ክፉ ፈልጌ አልነበረም እኮ፣ እትዬ» አለ። «እሱ ከሄደ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንቺ የሆንሽ ይመስለኛል።»

«አውቃለሁ። እኔም አንተ ስታረፍድ እንደዚያው ነኝ።»

«ቤቴ አድርሺኝና ግቢ እንግዲህ። በዚህ በሜዳው በኩል ቅርብ ነው።»

ልኬ ወደ ሜዳው የሚወስደውን መታጠፊያ አለፈችው። ማርሽ ቀነሰችና ወደ ቤቱ በሚያወጣው በሌላኛው፣ በረጅሙ አቀበት በኩል ዞራ ወሰደችው።