አንድ እግር በስንት ይታሰባል?

ከሻንቶ እስከ ዲምቱ ባለው የወላይታ አገር፣ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ የሚከፍለውን እንደ እኔ አበጥሮ የሚያውቅ ሰው የለም። ጡረታውን፣ ዳረጎቱን፣ የከተማውን ሴፍቲኔት፣ የገጠሩን ሴፍቲኔት ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሻል በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ምክር ፈላጊው ደጃፌ ላይ ተሰልፎ መንገድ ስለሚዘጋ ትራፊክ ፖሊስ ሊበትነው መጥቶ ያውቃል።

እሺ፣ ትራፊኩ የመጣው የሞተሩን ጎማ ሊያስነፋ ነው። ሰልፉም አንድ ሰው ነበር። እሱም የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው።

ጎሚስታ ነኝ። ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጎማ እለጥፋለሁ። ጎሚስታ ስለ ጡረታና ስለ ሴፍቲኔት ምን አገባው እንዳትሉ። የባጃጅ ሹፌር ጎማው እስኪለጠፍ ድረስ ሄዶ ሻይ ይጠጣል። በዊልቸር የመጣ ሰው ግን ጎማው ሲፈታበት የት ይሄዳል? እዚያው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያወራል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት አልችልም፤ እጠይቃለሁ። አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ድሮ የመንግሥት መጋዘን ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲያወርዱ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ እግራቸው አይታዘዝም። የሐኪሞች ቦርድ አያቸው፣ ጉዳቱን በመቶኛ ለካው፣ የጉዳት ጡረታ ተወሰነላቸው። በየወሩ ባንክ ይገባል።

«ጋሼ፣ ይበቃል ታዲያ?» አልኳቸው።

«የሚበቃማ አይደለም። ግን አይረሳኝም። ልጆቼ ይረሱኛል፤ እሱ ግን ወር በገባ ቁጥር ከች ነው።»

«እሑድ ቀን ከራስዎ ቤት ጣሪያ ላይ ቢወድቁስ ኖሮ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ያኔማ ነገሩ ሌላ ነው። ስንት ዓመት አገለገልክ ይባላል። አሥር ዓመት ከሞላህ ወርኃዊ አበል አለህ፤ ካልሞላህ አንዴ ዳረጎትህን ይሰጡህና በሰላም ግባ ነው።»

«ያው እግር ሆኖ?»

«ያው እግር ሆኖ።»

«አወዳደቁም ያው?»

«አወዳደቁማ የእሑዱ ይብሳል። ጠጥተህ ነዋ የምትወድቀው!»

ይህ ነገር ከነከነኝ። አንድ እግር ማክሰኞ በሥራ ላይ ሲጎዳ ሌላ፣ እሑድ ቤት ውስጥ ሲጎዳ ሌላ የሚታሰብ ከሆነ፣ ሌሎቹ እግሮች በስንት እየታሰቡ ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ይዞ የመጣን ሁሉ እንደ መርማሪ ማፋጠጥ ያዝኩ። ሚስቴ «አንድ ቀን በክራንች ይሉሃል» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

በክራንች ልትለኝ የተቃረበችው በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ያላት ሴትዮ ናት። መናኸሪያው በር ላይ ካልሲና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ወስዷቸዋል። ተቀጥራ ስለማታውቅ ጡረታ የሚባል ነገር አይመለከታትም፤ የምታገኘው የከተማ ሴፍቲኔት ቋሚ ድጋፍ ነው።

«እህቴ፣ ለእግርሽ ስንት ይሰጡሻል?»

«ለእግሬ?» አለች፣ አንድ ካልሲ አንስታ ልትወረውርብኝ እያለች። «ለእግሬማ ማን ይሰጠኛል! የሚሰጡት ለቤቴ ነው። ስንት አፍ አለ፣ ሠርቶ የሚያበላ ሰው አለ ወይ፣ ብለው ነው የሚቆጥሩት። አንዳንዴ በወሩ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይዘገይና ተጠራቅሞ ይመጣል።»

«ስለዚህ ሀብታም ብታገቢ ይቀርብሻል ማለት ነው?»

«ሀብታሙን አምጣውና እንዲቀርብኝ አድርግ! አሁን ጎማዬን ልጠፍ።»

እየለጠፍኩ አሰብኩት። ጡረታው «የት ነው የተጎዳኸው?» ይላል። ሴፍቲኔቱ «ቤት ውስጥ ማን አለህ?» ይላል። እግሩን ራሱን «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለው አላገኘሁም። ሌላ ደንበኛዬ ደግሞ አካል ጉዳተኛ መኪና ከቀረጥ ነፃ ማስገባት እንደሚፈቀድለት ነገረኝ፤ ይህን የነገረኝ ለጎማ ማስነፊያ ሳንቲም ጎድሎት በዱቤ እየለመነኝ ነው።

የሚስቴ ወንድም ከዲምቱ በኩል የመጣው እኔ በዚህ ሁሉ እውቀት ተወጥሬ ልፈነዳ ስደርስ ነው። ገበሬ ነው። በእሾህ የጀመረ ትንሽ ቁስል ከስኳር በሽታው ጋር ተባብሮ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አስቆረጠው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም። ማሳውን ለሚያርስለት ሰው የእኩል ሰጥቷል፤ የሚደርሰው ግማሽ ግን ዓመቱን አያጋምስም። ለሐኪም ቀጠሮ ሶዶ ሲመጣ እግረ መንገዱን እኔ ጋ ይመጣና ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ለክራንቹ ጫማ እሠራለታለሁ።

«ሳሮ፣ አማቼ» አለኝ፣ በወላይትኛ ሰላም እያለኝ ቁጭ ሲል። «ሐሙስ ቀበሌያችን ስብሰባ አለው። ለቀጥታ ድጋፍ ስሜን አቅርበውታል።»

በእነሱ በኩል የገጠሩ ሴፍቲኔት ጉልበት ያለውን ሰው የእርሻ እርከን እያሠራ ይከፍላል፤ ጉልበት ለሌለው ሳያሠራ በቀጥታ ይሰጣል። ስሙን የሚያቀርበው ኮሚቴው ቢሆንም የሚያጸድቀው ጎረቤት ነው። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ «ይህ ሰው አይገባውም» የሚል ካለ ይነሳል።

«ስሜ ካለፈ እዛው ቤቴ እኖራለሁ። ካላለፈ ማሳዬን አከራይቼ አንተ ቤት መምጣቴ ነው» አለ። ይህን ሲል ፊቱ እንደገና እግሩ ሊቆረጥ የተቀጠረ ሰው ፊት ነበር።

«እኔ ቤት ምን አለው?»

«ምንም የለው። አንተ አለህበት። ቀኑን ሙሉ ታወራለህ።»

ስድቡን አልፌ ምክሬን ጀመርኩ። የሁሉንም አከፋፈል አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። እንደ መጋዘኑ ሽማግሌ በመንግሥት ሥራ ላይ ቢጎዳ ኖሮ ጉዳዩ ያለቀ እንደነበር አስረዳሁት። «ያንን እሾህ መንግሥት ቤት ተቀጥረህ፣ በሥራ ሰዓት ብትረግጠው ኖሮ!» አልኩት።

«በሚቀጥለው ከመርገጤ በፊት አማክርሃለሁ።»

«መኪናም ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ትችላለህ።»

«ፍየሌን ሸጬ ጎማውን ላስገባ፤ የቀረውን አንተ ትለጥፈዋለህ።»

ከዚያ ዋናውን ሐሳቤን አወጣሁ። አሁኑኑ እኔ ቤት ይግባና በከተማው ሴፍቲኔት ይመዝገብ፤ ከገጠሩ የሚሻል ይመስለኛል። ሚስቴ ሐሳቤን ስትሰማ አልወደደችውም። ወንድሟ በሁለት ክፍል ቤታችን፣ በር ሥር ፍራሽ አንጥፎ፣ ከመሬቱ ተነቅሎ ሲኖር ታይቷት ነው። እኔ ግን ማታለያውን ስለወደድኩት ካልሲ ሻጯን ለማማከር ሮጥኩ።

«እንዴት ያለህ ብልጥ ነህ!» አለችኝ። «አንተ ቤት ከገባ የሚቆጠረው ከአንተ ጋር ነው። ሠርቶ የሚያበላ ሰው አለ፣ ሱቅ አለ፣ ኮምፕሬሰር አለ ይላሉ። እዛ ስም ያለው ሰው እዚህ ስታመጣው ስሙም ይጠፋል፤ ያንተ አንድ አፍ ይሆናል።»

ስለዚህ ያለው ተስፋ የሐሙሱ ስብሰባ ብቻ ሆነ። እኔና ሚስቴ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ወረድን። እኔ የሄድኩት ለመደገፍ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሕዝብ ተሰብስቦ የጎረቤቱን ችግር እንዴት እንደሚያወዳድር ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ዋርካ ሥር ሰው ሞልቷል። ስብሰባው በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ስድቡ ትንሽ ለስልሷል። ሰብሳቢዋ ድምጿ ማይክሮፎን የማያስፈልገው ሴት ናት። ስም ታነባለች፣ ሰው ያወራል፣ ታሳልፋለች ወይም ታቆያለች። የሚስቴ ወንድም ስም ሲጠራ በክራንቹ ተደግፎ ቆመ። «አስተያየት ያለው?» አለች።

አንድ ሽማግሌ ተነሱ። አጥር የሚያዋስናቸው ጎረቤቱ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ቦታው ጥቂት ነው፣ የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ ያዩትን መናገር ግዴታቸው ነው።

«ይህ ሰው መቸገሩን ማንም አይክድም» አሉ። «ግን ረዳት ዘመድ ያለው ሰው አይገባም ተብሏል። የእሱ አማች ሶዶ ውስጥ ሁለት ጋራዥ አለው። በየወሩ ገንዘብ እንደሚልክለት ባለፈው ጊፋታ በገዛ አፉ ነግሮናል። ይኸው እዚህ ተቀምጧል።»

የሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረ።

ሁለት ጋራዥ! እኔ እኮ የተናገርኩት አንድ ነበር። ሁለተኛውን ማን እንደጨመረው እስከ ዛሬ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ብልጫ ያለው ሰው ነው። ደግሞስ ምን ልበል? በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ቀን፣ ሥጋ በእጄ ይዤ፣ ሰው ሁሉ «ሶዶ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ «ጎማ ውስጥ ንፋስ እየሞላሁ ነው» ልበል?

ሰብሳቢዋ ወደ ሚስቴ ወንድም ዞረች። «እውነት ነው? አማችህ ይልክልሃል?»

አየኝ። ከዚያ መሬቱን አየ። «ይልክልኛል» አለ። «እግዜር ይስጠው።»

በሕዝብ ፊት አማቹን ከሚያዋርድ ቤቱን ማጣት መርጧል። በዚህች ምድር ላይ ያን ያህል ውድ ዋጋ የተከፈለበት ውሸት አልሰማሁም፤ ውሸት ደግሞ ሙያዬ ነው።

ሚስቴ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። «ተነስ።»

ተነሳሁ። «ጋራዥ የለኝም» አልኩ። «ጎሚስታ ነኝ። ያለኝ አንድ ኮምፕሬሰር ነው፤ እሱም የኪራይ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዲት ሴት «ጨምርበት! ጨምርበት!» አለች። በዚያ መንደር ምንም ሳልጨምር የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፤ እንደዚያ የተሳቀልኝ ቀን ግን የለም።

«ወንድሜ፣ እዚህ ቀልድ አንመዘግብም» አለች ሰብሳቢዋ።

ሚስቴ ብድግ አለች። «እውነቱን ነው። እኔ ስንት ዘመን አብሬው ኖሬያለሁ። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። እዩት።»

ሰው ሁሉ ጆሮዬን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ።

«እሺ» አለች ሰብሳቢዋ። «ጋራዥ የለህም። ጥያቄው ጋራዥ አይደለም። ለዚህ ሰው በየወሩ ምን ያህል ትልክለታለህ?»

መልሴን ሳልጀምር የሚስቴ ወንድም ቀደመኝ። «አማቼን አታስጨንቂው፤ እንግዳ ነው። ስሜን አውጪውና ቀጥዪ።»

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ቆይ!» አልኩ። «ምንም ልኬ አላውቅም። የሚልክልኝ እሱ ነው። እግሩ ከተቆረጠም በኋላ፣ ከሚደርሰው ግማሽ ላይ ቀንሶ፣ በየመከሩ አንድ ጆንያ ስኳር ድንች ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ይልክልናል። የማጓጓዣውንም ራሱ ይከፍላል።»

አሁን የሳቀ የለም። ሽማግሌው ጎረቤቱ በዝግታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንን ጆንያ እስከ መንገድ የምሸከምለት እኔ ነኝ» አሉ። «ለሽያጭ የሚሄድ መስሎኝ።» ከዚያ ወደ ሰብሳቢዋ፣ «ያልኩትን አንስቻለሁ። ስሙ ይለፍ» ብለው ተቀመጡ።

ሌላ የተነሳ አልነበረም። ሰብሳቢዋ ስሙን ወደ ወረዳ አሳለፈችውና የሚቀጥለውን አነበበች። የሚስቴ ወንድም ተቀመጠ፤ እስከ ስብሰባው መጨረሻ አላየኝም። ስንለያይ ብቻ፣ «ይህን ሁሉ በሰው ፊት ምን አስለፈለፈህ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ጤነኛ ሰው ነኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ ይሠራሉ። አንድ እግር ያለው ሰው ከጎደለው ላይ ቀንሶ ሲቀልበኝ፣ ጎረቤቶቼን ሶዶ ላይ እየጠራሁ ድንቹን አብልቻቸዋለሁ፤ ከየት አመጣኸው ሲሉኝም ከገበያ ገዛሁት ብያቸዋለሁ።