አልሳፈርም ያልሁት ባጃጅ

ዛሬ ጠዋት የአሶሳን ዳገት ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አንድ ባጃጅም አጠገቤ ቆመ።

«መምህር፣ ይግቡ! በእግር ትቼዎት ባልፍ ሰው ምን ይለኛል?» አለ ሾፌሩ፣ የጥንት ተማሪዬ።

ሐኪሜ በእግር እየሄድሁ ክብደቴን ካልቀነስሁ ኑሮዬ በስኳር መርፌ እንደሚሆን ቁርጡን ነግሮኛል። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እዚሁ ዳገት ላይ ተሸንፌ ተሳፍሬአለሁ።

«አልገባም» አልሁት። እርሱ ግን «ወላሂ ጥዬዎት አልሄድም!» ብሎ በእርምጃዬ ልክ ያዘግም ጀመር። ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ፤ እጄ የባጃጁን ብረት ጨበጠ።

(አያቴ ከሆሞሻ ወረዳ እስከ አሶሳ በእግራቸው ሲመጡ እንዲህ ያለ ደግ ሰው አልፈተናቸውም።)

ያን ጊዜ ማንጎ ይዘው ከእኔ ቀድመው ከኋላ ወንበር የተሳፈሩ እናት «አንተ ልጅ፣ ሰውየው እግር አላቸው፤ እኔን ገበያ አድርሰኝ!» ብለው ጮኹ።

እጄን ከብረቱ አነሣሁ፤ ዳገቱንም ብቻዬን ጨረስሁ።

እናንተስ፣ በአክብሮት ተነሣስቶ ከዓላማችሁ የሚያስቀራችሁን ሰው እንዴት ትመልሱታላችሁ?