ከሁሉም በፊት ሥራ አስኪያጁ

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ንፋስ ስልክ ውስጥ አንድ የሻማ ፋብሪካ በፕሮግራመርነት ተቀጠርኩ። ቅጥሩ ለሙከራ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ የመምሪያ ኃላፊው ፈርመው ሥራ አስኪያጁ ካጸደቁ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልሆነ ደግሞ ወደ ላፍቶ፣ ወደ ቤቴ። ቤት ውስጥ አባቴ አለ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ መሥሪያ ቤቱ "ትርፍ ሠራተኛ" ብሎ ቀንሶታል፤ እሱ ግን አሁንም በየጠዋቱ ኮቱን ለብሶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ታናናሾቼ ገና ተማሪዎች ናቸው። ከቤቱ ደሞዝ የማመጣው እኔ፣ ትልቋ ልጅ፣ ብቻ ስለነበርኩ ያቺ ፊርማ ምሳችንም ራታችንም ነበረች።

ፋብሪካው ኮምፒውተር ከገዛ ቆይቷል፤ ግን አቧራ እንዳይነካው በፕላስቲክ ሸፍነው አስቀምጠውት ነበር። አቧራም አልነካው፣ ሰውም አልነካው። መብራት ሲጠፋ የራሳችንን ሻማ አብርተን የጠፋውን ስክሪን እናያለን። ሻማው በነፃ ነበር፣ አልክድም።

ሥራዬ የፋብሪካውን ነገር ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሠራተኛውን፣ መኪናውን፣ መለዋወጫውን፣ ግምጃ ቤት ያለውን ሻማ። የምጽፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ዝም ብሎ አይሠራም። መጀመሪያ ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ ከተስማማው ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይለውጠዋል፣ ካልተስማማው ስድብ ይሁን ምክር የማይለይ ነገር ስክሪኑ እስኪሞላ ይለቅብሃል።

መጀመሪያ ለሠራተኛው አንድ መያዣ፣ ለመኪናው ሌላ መያዣ፣ ለሻማው ሌላ እያልኩ ጻፍኩ። በየመያዣው ያለውን አንድ በአንድ ለማየትም ለእያንዳንዱ ለብቻው መዞሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ያው አንዱን ነገር ደግሞ ደጋግሞ መጻፍ! አንጀቴ አረረ። ቋንቋው ግን ለዚህ መላ ነበረው። "ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን" የሚል አንድ መያዣ ይጻፋል፤ ውስጡ ሰው ይግባ ጎማ ይግባ ግድ የለውም። ከመያዣው ጋር አንድ ዟሪ ይሠራለታል። ዟሪው የሚያውቀው ከየት እንደሚጀምር፣ ቀጣዩ ማን እንደሆነና የት እንደሚያበቃ ብቻ ነው። ያንኑ አንዱን ዟሪ ሠራተኛው ላይም ሻማው ላይም ስትለቀው ሁሉንም በገቡበት ቅደም ተከተል ይዞርልሃል። የሠራልኝ ቀን "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ክፍል ያለችው ታይፒስት ደሞዝ የወጣ መስሏት አብራኝ "እሰይ!" አለች።

ለመምሪያ ኃላፊው ላሳያቸው ብዬ ጠራኋቸው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለክፋት የሚሆን ጊዜ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ "ሥራ አስኪያጁ ምን ይሉ ይሆን?" እያሉ ሲጨነቁ ይመሽባቸዋል። የሠራተኞቹን ስም አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ ወደ ታች ወረዱ።

"አንደኛዋ ማናት?"

"ክር ቆራጯ እማማ ናቸው። ከሁሉም ቀድመው የተቀጠሩት እሳቸው ናቸው።"

"ሥራ አስኪያጁስ?"

"መጨረሻ ላይ። ባለፈው ዓመት ነው የተሾሙት።"

"መጨረሻ!" ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድንች ጣሉት። "አንቺ ልጅ፣ ልታስበዪኝ ነው? ከዘበኛው በታች? በይ አሁኑኑ መጀመሪያ ላይ አውጪያቸው!"

"እሺ፤ ግን ለሠራተኞቹ ብቻ ለብቻ ልጻፈው። ዟሪው ላይ ከጨመርኩት በሁሉም ነገር ላይ ነው የሚመጣው። ጎማም ሻማም ሲታተም ስማቸው ይቀድማል።"

ኃላፊው ሽንጣቸውን ገትረው ቆሙ። "እና? እሳቸው የሠራተኛው ብቻ ሥራ አስኪያጅ ናቸው እንዴ? የጎማውም፣ የሻማውም፣ የጠቅላላው ናቸው! ከሁሉም በፊት ይምጡ። ትእዛዝ ነው።"

ታይፒስቷ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች፤ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። እኔም ልሠራ ተቀመጥኩ። ኮምፓይለሩ ግን እምቢ አለ። ይህ የጎማ መያዣ ነው፣ ሰው ከጎማ ጋር አላስገባም አለ። ያን ጊዜ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ለኃላፊው እምቢ ያለ ፍጡር እሱ ብቻ ነበር፤ እሱማ ምን አለበት፣ የሙከራ ቅጥር አይደለም! በጎን ዞርኩበት። ዟሪው መያዣውን ከመክፈቱ በፊት የሥራ አስኪያጁን ስምና ማዕረግ እንዲጽፍ፣ ከዚያ ወደ ሥራው እንዲሄድ አደረግኩት። ተስማማ። ኃላፊው አዲሱን ወረቀት አይተው "አየሽ? ይቻላል እኮ!" አሉኝ፤ ዕለቱንም የቋሚነት ቅጼ ላይ ፈረሙልኝ። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ብቻ ቀረኝ። ማታ ለአባቴ ስነግረው እፎይ ብሎ ኮቱን አውልቆ ተኛ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የፋብሪካው ቦርድ ስለ አሮጌ ንብረት ሊሰበሰብ መጣ። ኃላፊው በኮምፒውተር የታተመ ነገር ለማቅረብ ቸኩለዋል። እኔ ሳላየው ራሳቸው አሳትመው ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል አደሉት። እኔን ደግሞ ጥያቄ ከመጣ ብለው በሩ አጠገብ አቆሙኝ። ወረቀቱ ሲገለጥ ከትከሻ በላይ አየሁት። ርዕሱ "ከአገልግሎት ውጭ በመሆናቸው የሚወገዱ" ይላል። አንደኛ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከነሙሉ ስማቸው። ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀ የሰም ማቅለጫ በርሜል። ሦስተኛ፣ ሞተር የሌላት ፒክአፕ።

አንዱ ይስላል፣ ሌላው እስክሪብቶውን ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነበቡ፤ አንገታቸው ቀላ። የቦርዱ ሰብሳቢ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣

"አንደኛው ላይ ማብራሪያ ይሰጠን" አሉ። "በጨረታ ነው የሚወገደው ወይስ በስጦታ?"

ወይ ጉድ! ማንም አልሳቀም። እኔ ጥርሴን ነክሼ ወለሉን አየሁ። ኃላፊው ተነሥተው "የኮምፒውተር ስህተት ነው" አሉና ተቀመጡ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን። የቋሚነት ቅጼ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኃላፊው ቀድመው "ልጅቷ ናት፣ ገና ለማጅ ናት" አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ።

"የማሽኑ ስህተት ነው?"

አዎ ብል ኖሮ ያልፍ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ይመስለኛል። ግን ደሜ ፈላ። ለሳምንታት ለፍቼ ያሳመርኩትን ነገር ስህተት ሊሉት!

"ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው" አልኩ። "ከሁሉም በፊት እርስዎ እንዲመጡ ኃላፊው አዘዙኝ። በሁሉም ላይ እንደሚመጣ ነግሬያቸው ነበር። አሁንም ላስተካክለው እችላለሁ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ቅጼን ገለጥ አድርገው የኃላፊውን ፊርማ አዩ።

"እሳቸው ያዘዙት እኔን ለማክበር ነው" አሉ። "አክብሮት ጥፋት አይደለም። አንቺ ግን ምን እንደሚያመጣ እያወቅሽ ሠራሽው።"

"ትእዛዝ ነበር እኮ!"

"ታዲያ ትእዛዝ የምትፈጽሚ ከሆነ አሁን ለምን ትከራከሪያለሽ?"

ቅጹን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ኃላፊው እጅ ነሥተው ወጡ፤ ለእኔ ግን መሰናበቻ ተጻፈልኝ።

ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ እስከ ላፍቶ ድረስ ለአባቴ የምለውን ስደረድር መጣሁ። ደርሼ በረንዳው ላይ ሳገኘው የደረደርኩት ሁሉ ጠፋኝ። እንዳለ ነገርኩት፤ ዟሪውን፣ ትእዛዙን፣ ቦርዱን። የሰብሳቢውን ጥያቄ ስነግረው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "በጨረታ ወይስ በስጦታ!" እያለ ጉልበቱን መታ፣ እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ ሆዴን እስኪያመኝ። ታናናሾቼ ምን ተገኘ ብለው ከቤት ወጡ።

አባቴ እነሱን ሲያይ ሳቁን አቆመ።

"እኔ የምልሽ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ነገ ምን እንበላለን?"