ያልታሸው እግር

የዚያን ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ፍራሽ ላይ የተኛችው ልጄ፣ አማቴ፣ ከጉኑኖ የመጣችው የባለቤቴ እህት፣ አማቴ ያስጠሯቸው ወጌሻ፣ እንዲሁም ከቦምቤ ከተማ ልትጠይቀን የመጣች አንዲት ሴት ከነልጇ። ከዚህች ሴት ጋር የተዋወቅነው ልጆቻችን የደም ካንሰር ሕክምና ሲጀምሩ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተው ነው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር።

ልጄ ጠዋት ከደጃፋችን ደረጃ ተንሸራታ ወደቀች። ሌላ ልጅ ብትሆን አፈሩን አራግፋ ትሮጣለች። እሷ ግን እግሯን መሬት ማስነካት አቃታት። አማቴ ወለምታ ነው ብለው ቅቤ አስቀለጡ። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደረገው ይሄው ነው፤ እኔንም እናቴ እያሳሸች ነው ያሳደገችኝ።

የባለቤቴ እህት የልጄን ፊት አይታ፣ "ይህቺን እንደ መስቀል በሬ ነው ያደለብሻት" ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፊቷን የሚነፋት ከሕክምናው ክኒኖች አንዱ ነው። ፊት የሚነፋ ነገር ውስጥ ገብቶ ሌላ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ከጀመረችው ወዲህ ስትራመድ ወገቧን ትይዝ ነበር። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ስለ መድኃኒት አላውቅም። ልጄ እንዴት እንደምትራመድ ግን አውቃለሁ።

ወጌሻው በቅቤ የራሰ እጃቸውን ወደ ጉልበቷ ሲዘረጉ ልጄ አላለቀሰችም። ፀጉር የሌለው ራሷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መርፌ ሲያይ የሚጮህ ልጅ ዝም ሲል ደግ ነገር አይደለም።

"አባባ፣ እጅዎን ያንሱ" አልኳቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። አማቴ ግን በወላይትኛ፣ "የልጄን ልጅ ላስገድል ነው የጠራኋቸው?" አሉኝ። የልጄን እግር በነጠላዬ ሸፈንኩት። ቅቤው ጭልፋው ላይ እየረጋ ሄደ።

ያን ጊዜ የቦምቤዋ ሴት ወደ ጓሮ ጠራችኝና እንሰቱ ጥግ ቆመን በሹክሹክታ ነገረችኝ። አጥንት የሚበላው ያ ክኒን ነው አለች። እሷ መስጠት ትታለች፤ የልጇ ፊት እብጠቱ ጎድሏል፣ እግሬን አመመኝ ማለቱንም ትቷል። ለሐኪሞቹ አልተናገረችም።

"አንቺም ተይው። ማን ያይሻል?"

ግማሽ ልቤ አመናት። ከዚያ ልጇን አየሁት። እውነት ነው፣ ፊቱ ጎድሏል፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ነበር። ያንን ንጣት አውቀዋለሁ፤ የልጄም ሕመም የጀመረው በእሱ ነው። ስነግራት መንገድ ደክሞት ነው አለችኝና፣ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ብላ ይዛው ሄደች።

ልጄን በባጃጅ ጭኔ ላይ አጋድሜ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ሲነሣ አጥንቷ ከጉልበቷ በላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪሟ፣ ቢታሽና ቢጎተት ኖሮ ለይቶለት ይሰበር ነበር አለች። ክኒኑ አጥንት ያሳሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትዋሸኛለች ብዬ ዓይኗን እያየሁ ነበር።

"አዎ፣ ያሳሳል። ሕመሙ ራሱም ያሳሳል" አለችኝ። "አጥንቱ በጄሶ ይጠገናል። ክኒኑን በራስሽ ካቆምሽው ግን ካንሰሩ ሊመለስ ይችላል።"

ያመንኳት ስላልደበቀችኝ ነው። እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ግን ተቆጥቻለሁ። ወተትና እንቁላል፣ የጠዋት ፀሐይም አዘዘችላት፤ ሕመም በተሰማት ቁጥር ሳትታሽ እንዳመጣት አስጠነቀቀችኝ።

ጄሶው ከወጣ ቆየ። ልጄ አሁን ግድግዳ ሳትይዝ ትሄዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቋት አማቴ ናቸው። እኔ ዛሬም ክኒኗን ስትውጥ አፏን አስከፍቼ አያለሁ።

የቦምቤዋን ሴት ከዚያ ወዲህ በቀጠሮ ቀን አይቻት አላውቅም። ስልኳም አይሠራም። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ ልጇ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ቀይ ሹራብ ይለብሳል። ቦምቤ አካባቢ የምታውቋቸው ካላችሁ፣ ልጁ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ።