አራቱ ጣውላዎች

ሸዋ ሮቢት ያነጠፍኩት የመጀመሪያ ወለል ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ። ደብረ ሲና ያደግኩ አናጢ ነኝ። እኛ ዘንድ ጣውላ ሲነጠፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ከበሩ መቃን ጋር ገጥሞ፣ ምላጭ እንኳ የማያስገባ መሆን አለበት። ቆላ ወርጄም እንደዚያው ሠራሁ። የቆላ ሙቀትና ወበቅ እንጨትን ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅኩም። ቢነግሩኝስ መች እሰማና!

የቤቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ባሕር ተሻግሬ ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ጠፍቷል። ጣውላውን ያስነጠፉት ለእሱ ክፍል ነበር። "ሲመጣ እግሩ ደህና ነገር ይርገጥ" አሉኝ። ሳሎኑና የክፍሉ ደፍ ሲሚንቶ እንደሆኑ ቀሩ።

ክረምቱ እንዳለፈ ደወሉልኝ። ጣውላው አብጦ በሩ ሥር ጎብጧል፤ በሩ አልዘጋ ብሏል።

የደረስኩት ቀትር ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ገብቶ ባጃጅ እንኳ ድምፁ በማይሰማበት ሰዓት። በሩ ሥር ተንበርክኬ ጉብጠቱን ስዳብስ፣ ከጉልበቴ ሥር ቋ! አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ቋ! ከበሩ ወደ ውስጥ አራት ጊዜ፣ ልክ ሰው እንደሚራመደው። ቀና ብዬ ክፍሉን አየሁ። ማንም የለም።

"አትደንግጥ፣ ልጄ ነው" አሉኝ ከኋላዬ። "በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይገባል። ወላሂ፣ እግሩን አውቀዋለሁ።"

"ኧረ እትዬ፣ ጣውላው ነው! አጥብቄ ገጥሜው መላወሻ አጥቶ ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። ስፈራ እጮኻለሁ፤ ጠባዬ ነው።

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ሥራዬን ጀመርኩ። የመቃኑን እግር ከሥሩ በመጋዝ ቆረጥኩ። በሩ አጠገብ ያሉትን አራት ጣውላዎች ነቅዬ ጫፋቸውን አሳጠርኩ፤ ጣት የምታህል ክፍተት ትቼም ከመቃኑ ሥር አስገባኋቸው። ክፍተቱን መቃኑ ሸፈነው፣ በሩም ያለ ድምፅ ተዘጋ። እንዴት እንደኮራሁ!

በሳምንቱ ለሥራ ወደ ካራቆሬ ሳልፍ ጎራ አልኩ። እኚያ እናት ደፉ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

"ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣም" አሉኝ። "ሰዉ ሁሉ ባሕር በልቶታል ሲለኝ፣ እኔ እግሩን እየሰማሁ አላምንም ነበር። አንተ አስቀረኸው።"

አንጀቴን በሉት። የመሣሪያ ሳጥኔን ከፍቼ ጣውላዎቹን መልሼ አስጠጋኋቸው፤ ክፍተቱንም በቁራጭ እንጨት ጠቅጥቄ ሞላሁት። በሕይወቴ አውቄ ያበላሸሁት ሥራ ይኸው አንዱ ነው። በሩ ደግሞ አልዘጋ ይላል አልኳቸው። "ክፍት ይሁን" አሉ።

ከካራቆሬ ስመለስ ሆን ብዬ በቀትር ገባሁ። ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አብረን ጠበቅን። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በሆዴ፣ በል እንጂ ጩኽ፣ እያልኩ ጣውላውን እለምነዋለሁ።

ቋ! አለ። እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

ግን እንደ ድሮው ከበሩ ወደ ውስጥ አልነበረም። ከውስጥ ወደ በሩ ነው፤ ወደ እኛ። ቋ። ቋ። ቋ። አራቱም ጣውላዎች ጮኹ። ተመስገን፣ በቃ፣ ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ አምስተኛው ተሰማ። እንደ እንጨት አልጮኸም፤ ባዶ እግር ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ለስለስ ያለ ድምፅ ነው። የመጣው ከደፉ ላይ ነበር፤ ደፉ ደግሞ ሲሚንቶ ነው።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ፤ እጄን ለቀቁኝና ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡት።