የስፖንጋው ቤት እና የቶሚ መጥረቢያ

ሰአዳ ሄምቸንስት በሚባለው የቤት ለቤት አገልግሎት ተቀጥራ ስቶክሆልም ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከብ ነበር። ስፖንጋ በሚባለው ሰፈር ወደ አሮጊቷ ኢንግሪድ ቤት የገባች ቀን ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነበር። ልስኑ በተላጠበት በኩል ማገርና ጭድ የገባበት ጭቃ ይታያል፤ ሐይቅ፣ ወሎ፣ ከእናቷ ጋር በእግሯ እየረገጠች ያቦካችው ዓይነት።

«እንግሊዝ አገር የተሠራ ቤት ነው» አሏት ኢንግሪድ። «አራት መቶ ዓመት አልፎታል። አያቴ ገዝተው አፈረሱትና እያንዳንዱን እንጨት ቁጥር ቀርጸውበት በመርከብ አመጡት።» ምሰሶና አግዳሚው ኦክ የሚባል ጥቁር ጠንካራ እንጨት ነው። የተያያዘው በእንጨት ችንካር ነው፤ አንድ ሚስማር የለበትም።

ሰአዳ በዕረፍት ቀኗ እየመጣች የተሰነጠቀውን ትመርግ ጀመር።

ቤቱ ቅርስ ነውና ማፍረስ ክልክል ነው። የኢንግሪድ ወንድም ልጅ ቶሚ ግን ቦታው ላይ ቪላ ሊሠራ ቆርጧል። መጋቢት ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ መጥረቢያ ይዞ ገባ።

«ከዘመመ አደገኛ ነው ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ያፈርሰዋል!»

የመጀመሪያው ምት ማዕዘኑ ላይ ግድግዳውን በረቀሰው። ጭቃው ኢንግሪድ የተኙበት አልጋ ላይ ተበተነ።

«ቶሚ፣ ተው! አክስትህ እዚህ ናቸው!»

«ዞር በይ!»

ሰአዳ እጀታውን ከኋላ ያዘች። ዞሮ በመጥረቢያው ጀርባ ክንዷን መታት፤ አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማችው። እጁን ነከሰችው። ጸጉሯን ይዞ ከበሩ ጋር አላተማትና ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ። በሦስተኛው ምት ደጋፊው እንጨት ተፈናቀለ፤ አግዳሚው ከነግድግዳው ተንዶ ጭኑ ላይ ወደቀ። ጩኸቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ሰአዳ በደህና እጇ ኢንግሪድን እየጎተተች ግቢ አወጣቻቸው።

«ይበለው ብዬ ቆሜ ነበር» አለችኝ፣ ኋላ ታሪኩን ስታጫውተኝ። «አልዋሽሽም። ደሙን ሳየው ደስ ብሎኛል።»

ቢሆንም ተመለሰች። ሻሿን ፈትታ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ጭኑን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ጎረቤት የጠራው አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ ቶሚ ይሰድባት ነበር።

ቶሚ እግሩን አጣ፤ አራት ዓመትም ተፈረደበት። ኢንግሪድ አረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ማዕዘኑን አናጢዎች ጠግነውታል። የሰአዳ ክንድ ውስጥ ብረት ስላለ ሰው ማንሳት አትችልም፤ ሥራ ቀይራለች።

ባለፈው ወር ቶሚ ከእስር ቤት ደብዳቤ ላከላት። ፖስታውን ሳትከፍት ቀዳዳ ጣለችው።