የዘሀራን የሰርግ ልብስ ልንገዛ የወጣን ዕለት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለሰርጓ ልብስ ልትመርጥ ስትነሣ «አክስቴ፣ አንቺ ካላየሽልኝ አልገዛም» ብላ ይዛኝ ወጣች። ከተማችን መካነ ሰላም ዛሬ ሱቅ በሱቅ ሆናለች። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የመስታወት በር ያላቸው ቡቲኮች ተደርድረዋል። ልጅቱ አንዱን ቀሚስ ለብሳ ትወጣና በስልኳ ፎቶ ተነሥታ ለእጮኛዋ ትልክለታለች። እሱም ካለበት ሆኖ «ይሄን አልወደድኩትም፣ ያኛው ይሻልሻል» ይላታል። ይከራከራሉ፤ መልሰው ይሳሳቃሉ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ይህን ስሰማ፣ በዚሁ መንገድ ከዘሀራና ከትርንጎ ጋር ሱቅ ለሱቅ የዞርንበት አንድ የኅዳር ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ዘሀራ የሸህ ሙሄ ልጅ ናት። ሸህ ሙሄ በቤታቸው ቁርአን የሚያቀሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ። ትርንጎ የእህል ነጋዴ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም፣ ሳቋ ወንዝ ይሻገራል። እኔ በሁለቱ መካከል ነበርኩ፤ አንዷ ስታኮርፍ ማባበል የእኔ ሥራ ነበር። ሦስታችንም አስረኛ ክፍል ነን፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። በሁዳዴ እነዘሀራ ቤት ለእኔና ለትርንጎ የጾም ወጥ ለብቻ ይቀመጥልናል። በረመዷን ደግሞ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ከማፍጠሪያው ዙሪያ እንገኛለን። ጾሙ ባይመለከተንም ሳምቡሳው ይመለከተን ነበር።

በዚያ ዓመት ዘሀራ ታጨች። አባቷ ወረኢሉ በኩል ላለ የድሮ ወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጡ፤ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። ሙሽራው ሰይድ እንደሚባልና ከብት እንደሚነግድ ሰማን እንጂ ያየነው አልነበረም። ዘሀራ በሒሳብ ከክፍላችን የሚስተካከላት አልነበረም፤ አስተማሪ መሆን ነበር ሕልሟ። ከታጨች ወዲህ ግን ስለ ትምህርት ስናነሣ ወሬ ትለውጣለች። ምን እንደምታስብ አንጠይቃትም ነበር። ምን ብለን እንጠይቃት?

በገበያው ዕለት እናቷ እትዬ ከዲጃ ጠሩን። «እናንተ ዓይን አላችሁ፤ አብራችኋት ሂዱና ያማረውን ምረጡላት። እኔ እግሬ አላራምድ ብሎኛል» አሉን።

ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ጠዋት ጆሮ የሚቆርጠው ብርድ ፀሐይ ወጣ ስትል ነጠላ የሚያስጥል ሙቀት ይሆናል። መንገዱ በበግና በአህያ ተጨናንቆ አቧራው ከቅንድባችን ላይ ያርፋል። ጊዜው ደግሞ የከተማችን ሱቆች መልካቸውን መለወጥ የጀመሩበት ነበር። ቀድሞ ሱቅ ማለት ጨው፣ ላምባ፣ ሚስማርና ጣቃ ጨርቅ ባንድ መደርደሪያ የሚሸጥበት ቤት ነው። የጀመርነውም ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሽማግሌው ባለሱቅ ያወረዱልን ሳቲን ላምባ ላምባ ይሸታል። ትርንጎ አሸተተችና «ሙሽራችን አጠገብ ክብሪት የሚጭር ሰው እንዳይኖር!» ስትል ሰውየው ራሳቸው ሳቁ።

ቀጥለን የገባንበት ሱቅ እስከ አምና ድረስ የቆዳ መጋዘን ነበር። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ቀሚስ ተሰቅሎበታል። ቀለሙ አዲስ ነው፤ የበግ ቆዳው ሽታ ግን ቤቱን ለመልቀቅ እምቢ ብሏል። እኔና ትርንጎ አፍንጫችንን ይዘን ስንንፈቀፈቅ ዘሀራ የሰማችንም አትመስል። የተዘረጋላትን ጨርቅ ሁሉ ሳትነካ «ደግ ነው» ትላለች።

የቀረን ከደሴ የመጣ ነጋዴ በቅርብ የከፈተው ሱቅ ነበር። ሰውን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያሳይ መስታወት አለው ተብሎ ወሬው ከተማውን አዳርሷል። እኛ ቤት ያለው መስታወት መዳፍ የሚያህል ስለነበር ፊቴን እንጂ ቁመናዬን አይቼ አላውቅም። ስንገባ ግን መስታወቱ ተይዟል። አንድ ረጅም ወጣት ግራጫ ኮት ለብሶ ፊቱ ቆሟል። ኮቱን ወደ ፊት ይስባል፣ ወደ ኋላ ይስባል፤ ላብ አጥምቆታል።

ትርንጎ አላስቻላትም። «ወንድሜ፣ እጅጌው እኮ ለሌላም ሰው ይተርፋል!» አለችው።

ልጁ አልተቀየመም። ዞር ብሎ ሳቀና «አላህ ይስጥሽ እህቴ፤ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ነበር ያጣሁት። ባለሱቁማ የለበስኩትን ሁሉ አምሮብሃል ይለኛል» አለ።

«ለምንህ ነው?» አለችው ትርንጎ።

«ለሰርጌ።»

«እሰይ! ሙሽራይቱስ የየት ናት?»

«የዚሁ አገር ናት፤ የሸህ ሙሄ ልጅ።»

የትርንጎ ሳቅ ከአፏ ላይ ደረቀ። እኔ የዘሀራን እጅ ያዝኩ። ጎትቼ ላስወጣት ስል እጇን አላቀቀችና ሻሿን አስተካክላ ወደ ፊት ራመድ አለች።

«ልጅቱን አይተሃታል?» አለችው።

«ኧረ አላየኋት። አባቴ ናቸው ያጩልኝ።»

«ትወድ እንደሆነስ ጠይቀሃል?»

ወጣቱ ግራ ገባው። «ማንን ልጠይቅ? አባቷ ፈቅደዋል እኮ።»

«እሷን ነዋ!» ቀና ብላ አየችው። «ዘሀራ እኔ ነኝ። ወላሂ አንተን ጠልቼ አይደለም፤ አላውቅህም። ግን ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም።»

ባለሱቁ ሜትሩን ጨርቁ ላይ እንደዘረጋ ቀረ። በአገራችን የታጨች ልጅ እጮኛዋን በመንገድ ብታየው ትሸሸጋለች እንጂ ቆማ አትናገረውም። ይህ ነገር ከበሩ ከወጣ የሸህ ሙሄ ስም የገበያ መተረቻ ሊሆን፣ ዘሀራም ከትምህርቷ ቀርታ ጥር ሳይደርስ ልትዳር ነው ብዬ ፈራሁ።

ሰይድ ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀና አጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ለባለሱቁ «ኮቱ ይቆይ» አለው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአጠገባችን አልፎ ወጣ።

እኛም ወጥተን ፓስቲ ከምትጠብስ ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትኩሱ ፓስቲ ከእጃችን ላይ ቀዘቀዘ።

«አብሽሪ፣ ልጁ ክፉ አይመስልም» አልኳት፤ እኔም ሳላምንበት።

ዘሀራ ተነሣች። ላምባ ወደሚሸተው ሱቅ ተመልሳ ሰማያዊ ፖፕሊን አስቆረጠች፤ የዩኒፎርማችንን ጨርቅ።

እትዬ ከዲጃ ጥቅሉን ሲፈቱ በሩ ላይ ቆመን ነበር። «ይኸ ነው የሙሽራ ልብስ?» አሉ። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጨርቁን እንደነበረ አጠፉና ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። ለባላቸውም ትንፍሽ አላሉ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ከወረኢሉ በኩል መጡ። ሰይድ ለአባቱ «ቤት ሳልሠራ ሴት አላመጣም፤ ሁለት ዓመት ይሰጠኝ» ብሎ ነገሩን ሁሉ በራሱ ላይ አድርጎታል። ሱቅ ውስጥ ስለሆነው አንዲት ቃል አልወጣውም። ሸህ ሙሄ ተቆጡ፤ ቃል ፈረሰ አሉ። እንግዶቹን ከሸኙ በኋላ ግን ዘሀራን ጠርተው «ልጄ፣ ከዚህ ነገር የምታውቂው አለ?» አሏት። አላውቅም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እሷ ግን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

በኋላ እንዳጫወተችን፣ አባቷ «ሴት ልጅ ሳትጠየቅ ኒካሕ አይታሰርም እያልኩ ስንቱን ሳስተምር፣ የራሴን ልጅ ሳልጠይቃት ቀረሁ» አሉ። በማግሥቱ እትዬ ከዲጃ ፖፕሊኑን ከሣጥን አውጥተው፣ በዚያ በሚያማቸው እግር ራሳቸው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰዱት።

ዘሀራ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ደሴ መምህርነት ተማረች። ሰይድም ቤቱን የምሩን ሠራ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን የምታስተምርበት ድረስ ሄዶ ራሷን ጠየቃት። ተጋቡ፤ ወረኢሉ ተቀምጠው ወልደው ከበዱ። ትርንጎ ኩታበር ገብታ ሱቅ ከፍታለች፤ ደንበኛው ለዕቃው ይምጣ ለጨዋታዋ አይታወቅም።

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ስጨርስ ሁሌም የማመሰግነው ሰይድን ነበር፤ ያን የመሰለ ልጅ ባይሆን ኖሮ እያልኩ። ሰሞኑን ናፍቃኝ ለዘሀራ ደወልኩና ይህንኑ አነሣሁባት።

«የዚያን ዕለት ሰይድ ባይፈቅድልሽ ምን ይውጥሽ ነበር?»

ከት ብላ ሳቀች። «ፈቃድ መቼ ጠየቅሁት? ነገርኩት እንጂ!» አለችኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። የሰይድ ደግነት እውነት ነው፤ አልቀንስበትም። ግን ደግነቱ መልስ ነበር። አስቀድሞ የሚናገር ሰው ባይኖር መልሱ ከየት ይመጣል?